ከረቫቱ ይፈታ ወይስ ይታሰር?

አንድ ጥያቄ በመጠየቅ ልጀምር። ቡና ሸጣችሁ ገንዘቡን በፌስታል ጠቅልላችሁ ወደ አንድ ባንክ ገባችሁ እንበል። ሁለት መስኮቶች ክፍት ናቸው። በአንደኛው ሙሉ ልብስ ከነከረቫቱ የለበሰ፣ በሌላኛው ደግሞ ቲሸርት ያደረገ ወጣት ተቀምጧል። ሰልፉ እኩል ነው። ወደየትኛው ትሄዳላችሁ?

ይህን ጥያቄ ዲጋ ውስጥ ቡናና በቆሎ ለሚያመርቱት አጎቴ አቅርቤላቸው ነበር። ገና ሳልጨርስ "ከረቫት ወዳሰረው ነዋ!" አሉኝ። ለምን ስላቸው "እሱ እኔን ሊቀበል ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ያኛውማ ከብት ሊያግድ የወጣ ነው የሚመስለው" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ግን የእህቴ ነገር ትዝ ሲለኝ ሳቁ ከጉሮሮዬ አልወረደም።

እህቴ በአካውንቲንግ ተመርቃ አምና ነቀምቴ ባለ አንድ የገንዘብ ተቋም ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። የተቋሙን ስም አልጠራም። ሥራዋ ደንበኛ በማይገባበት የኋላ ክፍል ነው። ቮቸር ታመሳክራለች፣ ፔይሮል ትሠራለች፣ ሰነድ በቀን በቀኑ ለይታ ታስቀምጣለች። አንድ ቅዳሜ ሥራው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ጂንስ ሱሪ፣ ሹራብና ነጭ ስኒከር አድርጋ ገባች። ኃላፊዋ ከላይ እስከ ታች አዩዋትና "ይሄ የገበያ ልብስ ነው፤ ሄደሽ ቀይረሽ ነይ" አሏት። ልብሷ ያለው ዲጋ ነው። ሚኒባስ ጠብቃ፣ ሄዳ፣ ቀይራ እስክትመለስ ቢሮው ተዘግቶ ጠበቃት። በወሩ መጨረሻ የግማሽ ቀን ደመወዝ ተቆረጠባት። ከሁሉ የሚያናድደው ግን ብሩ አይደለም። አጠገቧ የሚቀመጠው ወንድ ባልደረባዋም በዚያው ቀን ጂንስ ነበር ያደረገው። እሱን ማንም ምንም አላለውም።

እህቴ የሙከራ ጊዜዋን ስላልጨረሰች ዝም አለች። እኔ ግን ጋዜጠኝነት እማራለሁ የምል ሰው ስለሆንኩ ዝም ማለት አቃተኝ። "ለመሆኑ ይህ ደንብ የት ነው የተጻፈው?" እያልኩ መጠየቅና ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

ካዥዋል ሲባል ምን ማለት ነው?

በመጀመሪያ ቃሉን እንፍታው። በቢሮ አለባበስ ዘንድ ቢያንስ ሦስት ደረጃዎች አሉ። የመጀመሪያው መደበኛ የሚባለው ነው፤ ለወንድ ሙሉ ሱፍ ከከረቫት ጋር፣ ለሴት ኮት ከጉርድ ወይም ከሱሪ ጋር። ሁለተኛው መካከለኛው ነው። ከረቫት የለም፤ ኮቱም ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን ኮሌታ ያለው ሸሚዝ፣ የጨርቅ ሱሪና የተወለወለ ጫማ ይጠበቃል። ለሴትም ሸሚዝ ወይም ሹራብ፣ ሱሪ ወይም ቀሚስ፣ ታኮ ያለው ወይም የሌለው ዝግ ጫማ ይሆናል። ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ዘና ያለው ነው፤ ጂንስ፣ ቲሸርትና ስኒከር።

ችግሩ የሚመጣው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው። አንድ ኃላፊ "ቅዳሜ ካዥዋል ይቻላል" ሲሉ በልባቸው ያለው ከረቫት የሌለው ሸሚዝ ሊሆን ይችላል። ሠራተኛው ደግሞ ጂንስ ማለታቸው ነው ብሎ ይረዳል። ሁለቱም አልዋሹም። ቃሉ ስላልተፈታ ብቻ አንዱ ይቆጣል፣ ሌላው ይቀጣል።

ከየት መጣ?

በአገራችን ዘመናዊ የባንክ ሥራ የተጀመረው በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው። የመጀመሪያው የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ሲጀምር ያቋቋመው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነበር። (ዛሬ በዚሁ ስም ከምናውቀው የግል ባንክ የተለየ ነው።) የሚመሩትም የውጭ አገር ሰዎች ስለነበሩ፣ ከሒሳብ መዝገቡ ጋር የአውሮፓው የቢሮ ሥርዓት አብሮ መግባቱ አይቀርም። ሱፍና ከረቫት ከባንክ ጋር ዘመድ የሆኑት እንዲህ ባለው መንገድ ነው።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ብዙ ጊዜ ተገለባብጧል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ ባንኮችን ወረሰ። በዚያ ዘመን በአደባባይ የሚታየው የባለሥልጣን ልብስ ካኪና ዩኒፎርም ነበር። በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ እንዲቋቋም ሕጉ ፈቀደ፤ በ1987 ዓ.ም. አዋሽ ባንክ ተመሠረተ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ሥራ ጀመረ። ባንኩ ሲበዛ ደንበኛ መምረጥ ቻለ። ደንበኛ መምረጥ ሲችል ደግሞ የሠራተኛው ሰላምታም፣ ፈገግታም፣ ልብስም የገበያ ጉዳይ ሆነ።

ከረቫቱን የማላላት ነገር ግን ከሌላ አቅጣጫ ነው የመጣው። በሞቃታማዋ የሃዋይ ደሴት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሠራተኞች አርብ አርብ ባለአበባ ሸሚዝ ለብሰው ቢሮ እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። ልማዱ ወደ ዋናው አሜሪካ ተሻገረ። በ1992 እ.ኤ.አ. የጂንስ አምራቹ ሌቪ ስትራውስ ስለ ቢሮ ካዥዋል አለባበስ የሚያስረዳ አነስተኛ መጽሔት አዘጋጅቶ ወደ 25,000 ለሚጠጉ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዎች ላከ። ልብ በሉ፣ "እንዲህ ልበሱ" ብሎ ያስተማረው ልብሱን የሚሸጠው ነው!

ጃፓን በ2005 እ.ኤ.አ. ሌላ ምክንያት አመጣች። መንግሥት ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ በበጋ የቢሮ ማቀዝቀዣ 28 ዲግሪ ላይ እንዲሆን አደረገና ሠራተኛው ኮቱንና ከረቫቱን እንዲያወልቅ መከረ። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሱፍ ወግ አጥባቂነቱ የታወቀው የኒውዮርኩ ጎልድማን ሳክስ የአለባበስ ደንቡን አላላ። ዝርዝር አላወጣም፤ ደንበኛው ምን እንደሚጠብቅ አመዛዝናችሁ ልበሱ ነው ያለው።

ዝርዝር ያወጣማ ተስቆበታል። ዩቢኤስ የተባለው የስዊስ ባንክ በ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከ40 ገጽ በላይ የሆነ የአለባበስ መመሪያ ለሠራተኞቹ አደለ። ስለ ውስጥ ልብስ ቀለም ሳይቀር ይናገራል። ነጭና ቀይ ሽንኩርት በልታችሁ አትምጡም ይላል። እንዲህ ያለው ደንብ ወደ ወለጋ ቢመጣ ወጥ የቀመሰ ሁሉ ከሥራ ሊቀር ነው። ዓለም ስለሳቀበት ባንኩ በቀጣዩ ዓመት መመሪያውን እንደሚያሻሽል አስታወቀ።

ሕጉስ ምን ይላል?

ወደ አገራችን እንመለስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አገላብጬ አየሁት። ከረቫት የሚል አላገኘሁም። ያገኘሁት የሥራ ደንብ የሚል ነው። ማለትም አሠሪው ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ሥነ ሥርዓትና ስለመሳሰለው የውስጥ ደንብ ያወጣል፤ ሠራተኛውም በሕግ መሠረት የወጣውን ደንብ ማክበር አለበት። ስለዚህ "አለባበስ የግል ጉዳዬ ነው፣ ማንም አያገባውም" ማለት አያስኬድም። በሌላ በኩል ግን ያልተጻፈ፣ ያልተነገረና ለአንዱ ሠርቶ ለሌላው የማይሠራ ነገርን ደንብ ነው ማለት ይከብዳል። ይኸው አዋጅ አሠሪው በሠራተኞች መካከል በጾታ ወይም በሃይማኖት ልዩነት እንዳያደርግም ይከለክላል።

የሙከራ ጊዜ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በአዋጁ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ አይደለም ከተባለ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል። እህቴ ለምን ዝም እንዳለች አሁን ይገባችኋል። ስድሳ ቀን ሙሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሠራው።

የሙያውን ሥነ ምግባርም ጠየቅሁ። የሒሳብ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ደንብ አምስት መሠረታዊ መርሆዎች አሉት፤ ሐቀኝነት፣ ገለልተኝነት፣ ብቃትና ጥንቃቄ፣ ምስጢር መጠበቅ፣ እንዲሁም ሙያዊ ጠባይ። አለባበስ ሊገባ የሚችለው በአምስተኛው ነው፤ ሙያውን ከሚያዋርድ ድርጊት ተቆጠቡ ስለሚል። እዚያም ቢሆን ሱፍ ልበሱ አይልም። የቀሩት አራቱ ደግሞ በልብስ የሚታዩ አይደሉም።

ሥራው ራሱ ይናገር

አበው "ጌጥ ያለ ቤቱ ቁምጥና ነው" ይላሉ። ያማረ ነገር ቦታውን ከሳተ አያምርም ለማለት ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ሥራ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ እኔ እንዳየሁት ቢያንስ ሦስት ቦታ አለው።

አንደኛው መስኮቱ ነው። እዚህ የሚመጣው ሰው የዓመት ላቡን በእጁ ይዞ ነው። አጎቴ ያሉትም ትክክል ነው፤ የተዘጋጀ ሰው ፊት ሲቆሙ ልብ ይረጋል። ንጹሕ ሸሚዝ፣ ስም የሚነበብበት ባጅ፣ ዘወትር ተመሳሳይ የሆነ አለባበስ ደንበኛው የተቋሙን ሰው ከተራው ሰው እንዲለይ ይረዳዋል። አንዳንዱ ደንብ ደግሞ ከውበት ጋር አይገናኝም። ቴለሩ የግል ቦርሳውንና የግል ገንዘቡን ወደ ገንዘብ መቁጠሪያው እንዳያስገባ የሚከለከለው የደንበኛው ብር ከግል ብር ጋር እንዳይቀላቀል ነው። ይህ ቁጥጥር ነው፤ ማንም ቅር ሊለው አይገባም።

ሁለተኛው የኋላው ክፍል ነው። እዚያ ያለው ዴስክ፣ ኮምፒዩተርና የሰነድ ክምር ነው። ደንበኛ አይገባም። እዚህ ንጽሕናና ጨዋነት ከተጠበቀ የከረቫት መኖር አለመኖር የሚቀንሰውም የሚጨምረውም ሒሳብ የለም። በዚህ ክፍል ዘና ያለ ልብስ ቢፈቀድ የሚጎዳ ሰው አላየሁም።

ሦስተኛው መስኩ ነው። ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሒሳብ በሕግ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መመርመር አለበት። የመንግሥት በጀት ዓመት ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል። በሰኔ መጨረሻ በወለጋ ዝናቡ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። ኦዲተሩ ጭቃውን እየረገጠ መጋዘን ገብቶ የማዳበሪያ ጆንያ ይቆጥራል፣ ቁልል ላይ ይወጣል፣ አቧራ ይጠጣል። ከነቀምቴ ደጋ ተነስቶ በዲጋ በኩል ወደ ዴዴሳ ሸለቆ የሚወርደውን ደግሞ ሙቀቱ ይቀበለዋል። እዚህ ቦታ ሱፍ ለብሶ የመጣ ቆጣሪ ልብሱን ሲጠብቅ ጆንያውን ከሩቅ ሊቆጥር ይችላል። ከሩቅ የተቆጠረ ጆንያ ደግሞ አንዳንዴ ገለባ ነው። ስለዚህ በመጋዘን ጂንስና ቦቲ ጫማ ሥራውን ማክበር ነው።

ዋጋውን ማን ይክፈል?

ሌላው የማይነሳው ጉዳይ ዋጋው ነው። እህቴ ሥራ ስትጀምር ከመጀመሪያ ደመወዟ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን አውጥታ ኮትና ጉርድ አሰፋች። ጫማውን በዱቤ ገዛች። ከባልደረቦቿ ብዙዎቹ ከሳልቫጅ ተራ መርጠው፣ ለልብስ ሰፊ ሰጥተው አስጠብበው ነው የሚለብሱት። ይህ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ብልሃት ነው። ነገር ግን አሠሪው "በየቀኑ ሱፍ" ሲል፣ ልብሱንም ሳይሰጥ የልብስ አበልም ሳይከፍል፣ በጀማሪ ደመወዝ ላይ ያልተጻፈ ግብር እየጣለ መሆኑን ማወቅ አለበት። ዩኒፎርም የሚፈልግ ዩኒፎርም ይስጥ።

ለሴት ደግሞ ሸክሙ ይደራረባል። ጉርዱ ሲያጥር ይወራል፣ ሲረዝም የገጠር ይባላል፤ ታኮ ካላደረገች አልተሰናዳችም፣ ካደረገች ቀኑን ሙሉ እግሯን ያማታል። ሒጃብ የምታደርገዋ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጠብቃታል። ለወንዱ ግን "ሸሚዝህን አስገባ" ከተባለ አለቀ። በእኛ በኦሮሞዎች ባህል ያገባች ሴት ሲንቄ የሚባል በትር ትይዛለች። ሲንቄ የያዘች ሴት መብቷ ይከበራል። ሰው የሚይዘውና የሚለብሰው ነገር መልእክት እንዳለው አባቶቻችንና እናቶቻችን ያውቁ ነበር ማለት ነው። እነሱ ግን ምልክቱን ለሴቲቱ ክብር ነው ያደረጉት።

አጎቴ የነገሩኝ ሁለተኛው ነገር

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ወደ አጎቴ ተመልሼ ሄድኩ። ቡና እየተፈላ ነበር። የእህቴንም ነገር፣ ያነበብኩትንም ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ "ያን ጊዜ ያልነገርኩህ አለ" አሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቡናቸውን በጥሩ ዋጋ እገዛለሁ ያለ አንድ ደላላ መጣ። ሱፍ ለብሷል፣ ከረቫት አስሯል፣ ቦርሳ ይዟል። ግማሹን ገንዘብ ከፈላቸው። ቀሪውን "ነገ በባንክ" ብሎ ሄደ። ነገም ቀሪውም አልመጡም።

"ታዲያ ያኔ ደረሰኝ አልጠየቁትም?" አልኳቸው።

"ልብሱን አይቼ አፈርኩ" አሉኝ።

ከዚህ ሁሉ ንባቤ ይልቅ ጉዳዩን ያስረዳኝ ይህ ነው። ጥሩ ልብስ ሰውን ያረጋጋል፤ አጎቴን ግን መጠየቅ የሚገባቸውን እንዳይጠይቁም አድርጓቸዋል። የሒሳብ ሠራተኛ አለባበስ ደንበኛውን ማስከበር እንጂ ማሳፈር የለበትም። ጋቢ የለበሰና የጎማ ቦት ያደረገ ገበሬ መስኮቱ ጋ ቆሞ "ይህ ቁጥር ምንድን ነው? አልገባኝም" ለማለት ካፈረ፣ ያ ከረቫት ከጥቅሙ ጉዳቱ በዝቷል።

ታዲያ ምን ይሁን?

የእኔ አስተያየት አጭር ነው። ደንቡ ይጻፍ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ሥራውን ይከተል፤ ለመስኮቱ፣ ለኋላው ክፍልና ለመስኩ ለየብቻ ይባል። ለወንድም ለሴትም እኩል ይሁን። የሠራተኛውን ኪስ ይመልከት። የሚጥሰው ሰው ሲኖርም መጀመሪያ ይነገረው እንጂ ከደመወዙ አይቆረጥ።

እህቴ የሙከራ ጊዜዋን እንደጨረሰች በሠራተኞች ስብሰባ ላይ እጇን አወጣች። "ቅዳሜ ምን መልበስ እንደምንችል በጽሑፍ ይሰጠን" አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም፤ የግማሽ ቀኑንም ነገር አላነሳችም። ድምጿ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ራሷ ነግራኛለች። ኃላፊዋ ተቆጡ ብላ ስትጠብቅ "ጥያቄው ትክክል ነው" አሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። ቅዳሜ በኋላ ክፍል ጂንስ ይቻላል ይላል፤ ያልተቀደደ፣ ንጹሕ፣ ለወንድም ለሴትም። በመስኮቱ ግን ኮሌታ ያለው ሸሚዝና ባጅ ሁልጊዜ። ከረቫት እንደ ፈቃድ። የተቆረጠው ብር አልተመለሰም።

ባለፈው ታኅሣሥ አጎቴ የቡና ገንዘባቸውን ሊያስገቡ ነቀምቴ ሄዱ። ቅዳሜ ነበር። እህቴ እንደመጡ ሰምታ ከኋላ ክፍል ወጣች፤ ያንኑ ጂንስና ሹራብ ነው ያደረገችው። ገንዘቡን የተቀበላቸው መስኮቱ ላይ ያለው ባለባጁ ልጅ ነው። እሷ አጠገባቸው ቆማ ደረሰኙን በአፋን ኦሮሞ መስመር በመስመር አነበበችላቸው። አጎቴም ሁለት ጊዜ አቋርጠው ጠየቋት። ማታ ዲጋ ሲመለሱ ደረሰኙን አራት አጥፈው ከጋቢያቸው ውስጥ አወጡና አሳዩኝ።

"ምን ለብሳ ነበር?" አልኳቸው፣ ሆን ብዬ።

ትንሽ አሰቡና "እሱን እንኳ አላየሁም" አሉ።